የሕፃን መጥረጊያ በጨርቅ፦ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት ይቻላል?

ሦስተኛ ፎቅ | ሐምሌ 4፣ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ሦስተኛ ወሯን ይዛለች። ከተወለደች ጀምሮ የምንጠቀመው በየመደብሩ የሚሸጠውን እርጥብ መጥረጊያ፣ ዋይፕስ የምንለውን ነው። ባለ 80 ፍሬው ጥቅል ሦስት ቀን ቢቆይልኝ ነው። በቀን ስምንት ጊዜ ስቀይራት በየጊዜው ሦስት ሦስት ባወጣ 24 ይሆናል፤ ሌሊት ደግሞ ዓይኔ ሳይገለጥ ስለምመዝ አምስትም ስድስትም ይወጣል። በወር ዐሥር ጥቅል ማለት ነው። ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ ደረሰኞቹን ሰብስቦ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። ምንም አልተናገረም፤ መደርደሩ በቂ ነበር።

ገንዘቡን እንኳ እችለው ነበር። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ግን መቀመጫዋ ቀልቶ አልለቅ ብሏል፤ ስጠርጋት ትንሰቀሰቃለች። አማቴ «ይህን ሽቶ የተነከረ ነገር ጥለሽ በጨርቅ ጥረጊያት» ይሉኛል። ጨርቅማ አለኝ፤ አንድ ያረጀ ጋቢና ሁለት ነጠላ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጠዋል። የሌለኝ ውሃ ነው። በእኛ ሕንጻ ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን፣ ያውም ሌሊት ነው። ክረምቱ ገብቷል፤ በረንዳ ላይ ያሰጣሁት ካልሲ ሦስተኛ ቀኑን ይዞ አልደረቀም። ሠራተኛ የለኝም።

በዚህ ሁኔታ ጨርቅ የሚጠቀም ሰው ካለ፣ ስንት ፍሬ እንደሚበቃና እንዴት እንደሚያጥብ ቢነግረኝ። «ድሮ እናቶቻችን» የሚል መልስ ብቻ ባትሰጡኝ ደስ ይለኛል፤ እናቶቻችን ምንጭ ደጃፋቸው ላይ ነበራቸው።

እማማ ዘጎላ | ሐምሌ 4፣ ከምሽቱ 3፡55

ልጄ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ምንጭ ደጃፋችን ላይ ነበር ያለሽ ማን ነው? አምስት ልጅ ያሳደግሁት ደብረ ታቦር ነው። ምንጩ ደርሶ መልስ አንድ ሰዓት ያስኬዳል፣ እንስራው በጀርባ፣ ሕፃኑ ጎረቤት ዘንድ። ውሃ መቆጠብን ከእኛ ተማሩ እንጂ በእኛ አታሳብቡ።

ጋቢውን አትንኪው፤ ወፍራም ስለሆነ በክረምት አይደርቅልሽም። ነጠላውን ውሰጂ። ጥለቱን አስቀድመሽ ለይተሽ አውጪው፤ የጥለት ክር የሕፃን ገላ ይቧጥጣል። ከዚያ በመቀስ አትቁረጪ፤ አንድ ክር መዝዘሽ በመስመሩ ቅደጂው፣ ቀጥ ብሎ ይሄድልሻል። ውሃ የሚጠጣው ያረጀው ነው፤ አዲሱ ገና ውሃ ይገፋል። ለእንግዳ ያስቀመጥሽውን እንዳታበላሺ።

ደግሞ ልጅ ማሸናት ረስታችኋል። ከእንቅልፏ ስትነቃ፣ ጡት ጠብታ ስትጨርስም፣ እግርሽን ዘርግተሽ እግርሽ ላይ አስቀምጫትና «ሽሽሽ» በያት። ይለምዱታል። በቀን ሁለቴ ቢሳካልሽ የሁለት ቅያሪ ጨርቅ ተረፈሽ። እድፉን በሎሚና በፀሐይ ነው የምናነጣው።

ሒሳብ አዋቂ | ሐምሌ 4፣ ከምሽቱ 4፡20

እማማን ሳከብር፣ እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ስምንት ቅያሪ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ጨርቅ፣ በቀን 16 ነው። በሁለት ቀን አንዴ ቢታጠብ 32 ይሆናል። ለመጀመሪያዋ ልጃችን ስንሞክረው ይህን ያህል ጨርቅ በእጅ ለማጠብና ለማለቅለቅ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይፈጅብን ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክሞ የሚያወጣው ሰው ጉልበትና የሳሙናው ዋጋ ሲታሰብ ቁጠባው ከሚወራለት ያነሰ ነው።

ዋናው ጥያቄ ግን የሚያጥበው ማን ነው የሚለው ነው። እኔና ባለቤቴ በተራ ልናጥብ ተስማምተን ነበር። በሦስተኛው ሳምንት የእኔ ተራ እንደ ሰፈራችን ውሃ ሆነ፤ ይመጣል በተባለበት ቀን አይመጣም። ይህን የምናገረው ራሴን ለማመስገን አይደለም። በአርባ ቀናችን ወደ ዋይፕስ ተመለስን፣ ሰላምም ወረደ።

ጠጅ ሳር | ሐምሌ 4፣ ከምሽቱ 4፡31

ሠራተኛ ቅጠሪ፣ ነገሩ ያበቃል።

የድሬ እናት | ሐምሌ 4፣ ከምሽቱ 5፡02

የሒሳብ አዋቂ ስሌት የተበላሸው ከመነሻው ነው። ጨርቁን ሁላችሁም የምታስቡት እንደ ዋይፕስ ነው፤ ዐይነ ምድሩን ጠርጎ እንዲያነሳ። ከዚያ ያንን ጨርቅ ማጠብ እውነትም መከራ ነው።

እኛ ድሬዳዋ ሕፃን በውሃ ነው የምናጥበው። ልጅቱን በግራ ክንድሽ ላይ በደረቷ ታስተኛታለሽ፣ በመዳፍሽ ጭኗን ትይዣለሽ፣ ከሥሯ ሳፋ ይቀመጣል። በቀኝ እጅሽ ለብ ያለ ውሃ ከትንሽ ኩባያ ጠብ ታደርጊያለሽ፣ ኩባያውን አስቀምጠሽ በእጅሽ ታጥቢያታለሽ፣ ደግመሽ ታፈሺያለሽ። ግማሽ ሊትር አይሞላም። ጨርቁ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ እጥፋቷን ጠቅ ጠቅ አድርገሽ ታደርቂበታለሽ። ንጹሕ ገላ ያደረቀ ጨርቅ ሽታም እድፍም የለውም፤ በትንሽ ሳሙና ታሽቶ ይለቃል። ለእያንዳንዱ ቅያሪ አንድ ይበቃል፣ ለሽንት ብቻ ከሆነ ውሃም አይፈልግም፣ እርጥብ አድርጎ ማበስ ነው።

በሙስሊም ቤት ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ትልቁም ትንሹም የሚጠራው በውሃ ነው። የመጀመሪያ ቀን ልጅቱ ልታመልጠኝ ነው ብለሽ ትሰጊያለሽ። በሦስተኛው ቀን እጅሽ ይለምደዋል።

ሦስተኛ ፎቅ | ሐምሌ 5፣ ከጠዋቱ 12፡40

እማማ፣ ስለ ምንጩ ይቅርታዎን። «በእኛ አታሳብቡ» ያሉትን ለአማቴ ሳነብላቸው ከት ብለው ሳቁ፤ አሁን በርስዎ ስም ነው የሚገስጹኝ።

የድሬ እናት፣ ዛሬ ንጋት ላይ ሞከርሁት። ከልጅቱ ይልቅ እጅጌዬ ታጠበ። ግን አላለቀሰችም። ዋይፕሱ ሲነካት የምታሰማውን ጩኸት አላሰማችም።

የማታ ተረኛ | ሐምሌ 5፣ ከቀኑ 8፡15

የሕፃናት ክፍል ነርስ ነኝ። መጥረጊያውን ከመቀየርሽ በፊት ሽፍታውን በደንብ እዪው። ቅላቱ ዳይፐሩ በሚነካው ጉብታ ቦታ ላይ ብቻ ሆኖ የጭኗ እጥፋት ውስጥ ቆዳዋ ደህና ከሆነ፣ የእርጥበትና የፍትጊያ ጉዳት ነው የሚመስለው። እጥፋቱ ውስጥ ገብቶ ደማቅ ቀይ ከሆነ፣ ዙሪያውንም ትናንሽ ቀያይ ነጠብጣቦች ከተበተኑ ግን ካንዲዳ የተባለው ፈንገስ ይመስላል። ያንን ጨርቅም ውሃም አያድነውም፤ የፈንገስ ቅባት ይታዘዝላታል። ሁለት ሳምንት ብዙ ነው፣ ጤና ጣቢያ አሳዪያት።

ዋይፕስን በተመለከተ አማትሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። እርጥብ ነገር ታሽጎ ወራት እንዲቆይ እንዳይሻግት የሚከላከል ኬሚካል ይገባበታል። ከእነዚህ አንዱ ሜታይልአይሶታያዞሊኖን ይባላል። የብዙ ሰው ቆዳ ስላስቆጣ በአሜሪካ የንክኪ የቆዳ ብግነት ሐኪሞች ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. የዓመቱ ዋና አለርጂ አስነሺ ብሎ ሰየመው፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2017 እ.ኤ.አ. ገላ ላይ ተቀብተው በሚቀሩ መዋቢያዎች ውስጥ እንዳይገባ ከለከለ። እርጥብ መጥረጊያም ከእነዚህ ይቆጠራል፤ ጠርገን ስናበቃ አናለቀልቀውምና። ሁሉም ጥቅል ይህ አለበት ማለት አይደለም። ጀርባውን አንብቢ፤ ካለበት መልሺው፣ ሽቶ ያለበትንም ተዪው።

በጥንቃቄ የምናገረው ሌላ ነገር አለ። ሎሚና ፀሐይ ምንም አይሉም፣ እማማ ልክ ናቸው። በረኪና ያለበት ባልዲ ውስጥ ግን ሎሚም ኮምጣጤም አይግባ፤ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ሽንት የነካውን ጨርቅ ሳታለቀልቁም በረኪና አታፍስሱበት፤ ከሽንቱ አሞኒያ ጋር ሲገናኝ የሚያፍን ጋዝ ይሆናል። በጠባብ መታጠቢያ ቤት ጎንበስ ብላ ለምታጥብ ሴት ይህ ቀልድ አይደለም።

ሴት ልጅ ስትጠረግ ከፊት ወደ ኋላ ነው። ወንድ ከሆነ የብልቱን ቆዳ ወደ ኋላ ለመሳብ አትታገሉ።

ከኩዌት | ሐምሌ 5፣ ከምሽቱ 1፡30

ጠጅ ሳር፣ «ሠራተኛ ቅጠሪ» የሚለው መልስ መቼ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ነበር፤ አራተኛው ላይ መጣ።

እኔ ያቺ ሠራተኛ ነኝ። ሁለት ሕፃናት ይዣለሁ። ቤቱ ውስጥ ዋይፕስ በካርቶን ተደርድሯል፣ ሽንት ቤቱ ውስጥ ደግሞ ሸጣፍ የሚሉት በቱቦ የሚረጭ ውሃ አለ፤ እኔ በውሃው አጥባቸዋለሁ። እመቤቲቱ ሽፍታ የለባቸውም ብላ ትገረማለች። ለጨርቁ ግን የምታጥበው ሴት እጅም ቆዳ መሆኑን አስቡ። በበረኪናና በዱቄት ሳሙና ጣቶቼ ተሰነጣጥቀው ሽንኩርት መላጥ ያቃተኝ ጊዜ ነበር። ጨርቅ የምትመርጡ ጓንትም ግዙ፤ የሚያጥበውም ሰው ምርጫ ይኑረው።

ጠጅ ሳር | ሐምሌ 5፣ ከምሽቱ 1፡48

ልክ ነሽ እኅቴ። ይቅርታ።

የሕንጻ ኮሚቴ ጸሐፊ | ሐምሌ 5፣ ከምሽቱ 2፡10

ልጅ የለኝም፤ ስለ ዋይፕስ ግን ከማናችሁም በላይ አውቃለሁ።

ባለፈው ዓመት ምድር ቤት ያሉ ጎረቤታችን ሌሊት ከእንቅልፋቸው ሲነሱ ኮሪደራቸው ውሃ ሞልቷል። ውሃ ያልሁት ለጨዋነት ነው። ባለሙያ መጥቶ የፍሳሽ መስመሩን ከፈተና ሽቦ ሰደደ፤ ሽቦው የሆነ ነገር ይዞ ተመለሰ። ሲጎተት ይመጣል፣ ሲጎተት ይመጣል። ርዝመቱ ከእኔ ቁመት ይበልጣል፤ እንደ መጫኛ ተገምዷል፣ ቅባትና ፀጉር ለብሷል። ሰውየው በእንጨት ፈታ አድርጎ አንዱን ነጠላ ፍሬ ዘረጋልን። ዋይፕስ ነው፤ ዳርቻው ላይ የታተመችው አበባ እንኳ አልጠፋችም። ሶፍት ውሃ ሲያገኝ ይሟሟል፤ ይህ ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ክር ስላለበት አይሟሟም። በስድስቱም ፎቅ ያለ አባወራ ሁሉ «እኛ አይደለንም» አለ። ወጪውን ለሁሉም አካፈልን፣ ለእኔም ጭምር።

በዋይፕስ የምትቀጥሉ ቅርጫት ውስጥ ጣሉት። ሌላ አልለምንም።

ጭጋግ | ሐምሌ 5፣ ከምሽቱ 3፡00

ጸሐፊው፣ አይዞህ። የምኖረው ለንደን ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ዋይትቻፕል ከሚባለው ሰፈር መንገድ ሥር 250 ሜትር ርዝመት፣ 130 ቶን ክብደት ያለው የስብና የዋይፕስ ክምር ቱቦውን ዘግቶ ተገኘ። ሠራተኞች ለሳምንታት በውሃ ግፊትና በአካፋ ሲፈልጡት ከረሙ። ቁራጩን የለንደን ሙዚየም በመስታወት ሣጥን አድርጎ ለሕዝብ አሳየው፤ ሰው ተሰልፎ አየው።

እዚህ አራስ ቤት ሳለሁ አዋላጇ የነገረችኝ ለብ ያለ ውሃና ጥጥ ብቻ እንድጠቀም ነበር። «ይህንማ እናቴም ታውቀዋለች» አልኋት። በኋላ ጥጡ ገላው ላይ እየቀረ ሲያስቸግረኝ ወደ ጨርቅ ዞርሁ።

ልብስ ሰፊ | ሐምሌ 6፣ ከጠዋቱ 3፡25

መርካቶ ነው የምሠራው፤ የጨርቁን ነገር ለእኔ ተዉልኝ። እማማ ነጠላ ይቀደድ ብለዋል፣ አቀዳደዳቸው ትክክል ነው። ዳሩ ካልተዘመዘመ ግን ነጠላ ይተረተራል። የወጣው ክር የሕፃን ጣት ላይ ተጠምጥሞ ደም የሚያቆምበት ጊዜ አለ፤ የእኅቴ ልጅ የእግር ጣት ላይ አይቻለሁ፣ አብጦ ቀይ ሽንኩርት መስሎ ነበር። ስለዚህ ወይ በመኪና ዙሪያውን በዚግዛግ አስመቺው፣ ወይ የማይተረተር ጨርቅ ያዢ። የማይተረተረው ያረጀ ካናቴራ ነው። የተሸመነ ሳይሆን እንደ ሹራብ የተጠለፈ ጨርቅ ስለሆነ ብትቆርጪው ዳሩ ይጠቀለላል እንጂ ክር አያወጣም።

ካናቴራው ውሃ መጠጣቱን ለማወቅ ጠብታ ውሃ ጣል አድርጊበት። ከጠጣ ይሆንሻል፤ ላዩ ላይ እንደ ዶቃ ከተንከባለለ ተዪው። አቡጀዲ የምትገዢ ከሆነ በሙቅ ውሃ ሦስት አራት ጊዜ ታጥቦ ሙጫው እስኪለቅ ድረስ አይጠጣም። እኔ ለደንበኞቼ የምሠራው ባንድ ወገን ካናቴራ፣ ባንድ ወገን ያረጀ ፎጣ አድርጌ ነው፤ 20 በ20 ሳንቲ ሜትር። ከዚያ ካነሰ ጣት ይነካል፣ ከበለጠ ሳሙና ይበላል።

ሐምሌ ጨረቃ | ሐምሌ 6፣ ከጠዋቱ 4፡00

ለፊቷና ለመቀመጫዋ ጨርቁን እንዴት ትለያላችሁ? ባለቤቴ አፏን የጠረገበትን ጨርቅ ስለማላምን ነው።

ልብስ ሰፊ | ሐምሌ 6፣ ከጠዋቱ 4፡06

የዳሩን ክር ቀለም ቀይሪ። ቀይ ለታች፣ ነጭ ለላይ። ባሎች ቀይ መብራት ያውቃሉ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ | ሐምሌ 6፣ ከቀኑ 10፡30

እኔ እዚህ አሜሪካ ጨርቁን አስቀድሜ በውሃና በኮኮናት ዘይት ነክሬ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጣለሁ፤ ልክ እንደ ዋይፕስ እየመዘዝሁ እጠቀማለሁ። ከቤት ውጭ ግን አልተሳካልኝም። ልጄ የሚውልበት መዋያ የታጠበ ጨርቅ አልቀበልም ብሏል፤ ተመልሶ የሚሄድ ቆሻሻ አናስቀምጥም ነው የሚሉት። ስለዚህ ቀን ዋይፕስ፣ ማታ ጨርቅ።

የማታ ተረኛ | ሐምሌ 6፣ ከምሽቱ 1፡12

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ነክረሽ የምታስቀምጪውን በዚያው ቀን ጨርሺው። መከላከያ ኬሚካል የሌለው እርጥብ ጨርቅ ተከድኖ ሲውል ሲያድር ጀርም ያፈራል፤ ዘይትና የአበባ ውሃ ሲገባበት ይብሳል። ደረቁን ጨርቅ በቅርጫት፣ ለብ ያለውን ውሃ በፔርሙዝ፤ ሲያስፈልግ ብቻ ማራስ ነው። የፔርሙዙንም ውሃ በየቀኑ ቀይሩ፣ ከመንካቱ በፊትም በክንዳችሁ ለኩ።

ከአሽዶድ | ሐምሌ 6፣ ከምሽቱ 3፡40

ዋይፕሶቹን እዚህ እስራኤል ማጋቮኒም ይሏቸዋል፤ ያለ ማጋቮኒም ከቤት የሚወጣ ሰው የለም፤ ለልጅ፣ ለመኪና፣ ለጠረጴዛ። እናቴ ከጎንደር ተነሥታ በ1983 ዓ.ም. በሰሎሞን ዘመቻ ስትመጣ የአራት ወር ልጅ ታቅፋ ነበር፤ እኔን። መጀመሪያ ያረፍንበት ሆቴል ውስጥ አንዷ ፈቃደኛ ጥቅሉን ሰጠቻት። እናቴ አንዱን መዝዛ አሸተተችውና ፊቷን ጠረገችበት። ከዚያ እኔን በነጠላዋ ጠረገችኝ። እስከ ዛሬ ትተርከዋለች፤ «ሽቶ ያለውን ለራሴ፣ ንጹሑን ለልጄ» እያለች።

ለክረምቱ ምንም ምክር የለኝም። እዚህ ፀሐይ በሁለት ሰዓት ያደርቀዋል።

ከጅማ ገጠር | ሐምሌ 7፣ ከጠዋቱ 2፡50

ስለ ማድረቅ ከተነሣ፣ በእኛ አካባቢ ሌላ ጣጣ አለ። እርጥብ ልብስ ላይ እንቁላሉን የሚጥል ዝንብ አለ፤ የተፈለፈለው ትል ቆዳ ሥር ገብቶ እንደ ብጉንጅ ያብጣል። በተለይ መሬት ላይ ወይም ጥላ ሥር የተሰጣ ልብስ ይወዳል። ስለዚህ የሕፃን ጨርቅ ገመድ ላይ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ሲደርቅም ሁለቱም ወገን በካውያ በደንብ ይተኮሳል። አዲስ አበባ ላላችሁ ይህ አያሳስባችሁ ይሆናል፤ ልጁን ይዛችሁ አያቱን ልትጠይቁ ስትመጡ ግን አስታውሱት።

እማማ ዘጎላ | ሐምሌ 7፣ ከጠዋቱ 3፡30

በክረምት እኛ ከምድጃው አጠገብ እንቅብ ደፍተን፣ ጨርቁን እንቅቡ ላይ ዘርግተን ነበር የምናደርቀው። ትንሽ ጢስ ጢስ ይላል እንጂ ይደርቃል።

የማታ ተረኛ | ሐምሌ 7፣ ከጠዋቱ 3፡44

እማማ፣ ያ የጎጆ ቤት ነው፤ በሣሩ ክዳን ጢሱ ይወጣል። በር መስኮቱ በተዘጋ የኮንዶሚኒየም ክፍል ውስጥ ከሰል ማንደድ ግን ሰው ይገድላል። እባካችሁ፣ ለጨርቅ ብላችሁ ከሰል ወደ መኝታ ክፍል አታስገቡ።

እማማ ዘጎላ | ሐምሌ 7፣ ከጠዋቱ 3፡58

እውነትሽን ነው ልጄ። የእኛ ቤት ነፋስ ከየአቅጣጫው ይገባ ነበር። ያንን አላሰብሁም።

ሦስተኛ ፎቅ | ሐምሌ 21፣ ከምሽቱ 4፡05

ወሬ ይዤ መጣሁ።

መጀመሪያ ሽፍታው። ነርሷ እንዳለችው እጥፋቷ ውስጥ ገብቶ ነበር፣ ነጠብጣቡም አለ። ጤና ጣቢያ ወሰድኋት፤ ፈንገስ ነው ተባለ፣ ቅባት ተሰጠን፣ በሳምንቱ ደረቀ። ስለዚህ ዋይፕሱን ስከስሰው የኖርሁት ባልሠራው ወንጀል ነው፤ ያባባሰው ሊሆን ይችላል። አማቴ ግን አላመኑም። ቅባቱን እርሳቸው አላዩትም፣ ጨርቁን ነው ያዩት።

ጨርቁን እንዲህ አድርጌዋለሁ። አንድ ነጠላና ሦስት የባለቤቴን ካናቴራ ሠውቼ ልብስ ሰፊው ባሉት ልክ 24 ፍሬ አሠራሁ፣ ዐሥራ ስምንቱ ቀይ ዳር፣ ስድስቱ ነጭ። ዐይነ ምድር ሲሆን በድሬ እናት ዘዴ አጥባታለሁ፤ አሁን እጅጌዬን አላረጥብም። ሽንት ሲሆን ከፔርሙዙ ጨርቁን አርሼ ማበስ ብቻ። ሌሊት ግን አላጭበረብርም፤ ሌሊት ዋይፕስ ነው፣ ሽቶ የሌለው። መንገድ ስወጣም እንደዚያው። ዐሥሩ ጥቅል ወደ ሦስት ወርዷል። ማሸናቱ በቀን አንዴ ይሳካል፤ ሳይሳካ ሲቀር የሚሳካው ቀሚሴ ላይ ነው።

ማጠቢያውን ስለካው በሁለት ቀን አንዴ አንድ ጀሪካን አይሞላም። የነካካውን መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ አለቀልቃለሁ፣ ሙቅ ውሃ እድፉን ያጸናዋልና። ከዚያ የተቀሩትን ጨምሬ ሙቅ ውሃ ውስጥ በተራ ሳሙና አሻቸዋለሁ፣ በጓንት። ኩዌት ያለሽው እኅቴ፣ ጓንቱ ያንቺ ነው። ማለስለሻ አልጨምርም፤ ጨርቁን ቅባት አልብሶ ውሃ እንዳይጠጣ ያደርገዋል። የማለቅለቂያው ውሃ አይደፋም፤ ሽንት ቤት ይለቀቅበታል፣ ያንን ውሃ ድሮም ከጀሪካን ነበር የምንደፋው።

ክረምቱ ግን እስካሁን አሸናፊ ነው። በጣም ጨምቄ፣ በፎጣ ጠቅልዬ ረግጬ፣ መተላለፊያው ላይ ገመድ ዘርግቼ አሰጣለሁ፤ በማግስቱ ከፊል እርጥብ እንደሆነ በካውያ እጨርሰዋለሁ። መብራት ከሄደ ቀኑን ሙሉ ዋይፕስ ነው።

ሒሳብ አዋቂ | ሐምሌ 21፣ ከምሽቱ 4፡30

ከ40 ሊትር ወደ 20 ያወረደው ውሃውን ጨርቁ ላይ ሳይሆን ልጅቱ ላይ ማፍሰሱ ነው። ስሌቴን አርሜያለሁ። ለመሆኑ የሚያጥበው ማን ነው?

ሦስተኛ ፎቅ | ሐምሌ 21፣ ከምሽቱ 4፡37

እኔ። ባለቤቴ ጀሪካን ያወጣል፣ ይተኩሳል። መተኮስ የጀመረው ዜና እያየ ስለሚሠራው ነው፤ ዜናው ሲያልቅ ካውያውም ያበቃል።

የማታ ተረኛ | ሐምሌ 22፣ ከጠዋቱ 1፡15

ደስ የሚል ወሬ ነው። ሦስት ነገር ብቻ። የሽፍታው ቅባትና ቫዝሊን የነካው ጨርቅ ውሃ መጠጣት ያቆማል፤ ለቅባት ሌላ ቁራጭ መድቢ። ፈንገሱ እስኪለቅ የተጠቀምሽባቸውን ጨርቆች ደግሞ አንድ ጊዜ ቀቅያቸው። ልጅቱ መዳኽ ስትጀምር የተነከረ ባልዲ ወለል ላይ አይደር፤ ትንሽ ልጅ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ውሃ ውስጥም ይሰምጣል። የቆሸሸውን በደረቁ፣ ክዳን ባለው ዕቃ አቆይው።

ሦስተኛ ፎቅ | ነሐሴ 19፣ ከምሽቱ 2፡20

አንድ ጥያቄ ይዤ ተመልሻለሁ። ከ24ቱ ጨርቅ 19 ቀርተውኛል። አንዱ ከበረንዳ በነፋስ ሄዷል፤ ምድር ቤት ያሉት ጎረቤት መኪናቸውን ሲወለውሉበት አይቻለሁ፣ መጠየቅ አፈርሁ። ሁለቱን አማቴ ለወጥ ቤት ወስደዋቸዋል፣ ቀይ ዳር መሆናቸውን ነግሬያቸው ጣሏቸው። አራተኛው አልተገኘም። አምስተኛውን ዛሬ ጠዋት አገኘሁት፤ የባለቤቴ የጫማ ቀለም ሣጥን ውስጥ፣ ጥቁር ሆኖ፣ ሳይተረተር። «እንደዚህ ያለ ጥሩ ጨርቅ አይቼ አላውቅም» አለኝ። እድፉ በምን ይለቃል?

እማማ ዘጎላ | ነሐሴ 19፣ ከምሽቱ 2፡41

የጫማ ቀለም በሎሚም በፀሐይም አይለቅም ልጄ። እሱን ለእርሱ ተዪለት፤ ካናቴራውም የእርሱ ነበር። ጋቢውን ግን ቆልፊበት።